መስታወት ወይስ አክሪሊክ? ሁለት የዓሣ ገንዳዎችን ጎን ለጎን ይዤ ያየሁት

ሳሎናችን ውስጥ ሁለት የዓሣ ገንዳዎች ትይዩ ተቀምጠዋል። አንደኛው በ2013 ዓ.ም. ከስምንት ሚሊ መስታወት ያሠራሁት ነው፤ ርዝመቱ 100፣ ወርዱና ከፍታው ደግሞ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ እስከ አፉ ቢሞላ 160 ሊትር ይይዛል። ሁለተኛውን ከአንድ ዓመት በኋላ ከዐሥር ሚሊ አክሪሊክ፣ ማለትም እንደ መስታወት ጥርት ካለ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ያሠራሁት ሲሆን፣ በርዝመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ከማነሱ በስተቀር ከመጀመሪያው ጋር እኩል ነው። ሁለቱም በአንድ ክፍል፣ በአንድ የቧንቧ ውኃና በአንድ ሰው እጅ ስለኖሩ ልዩነታቸው ከራሳቸው ከዕቃዎቹ የመጣ እንደሆነ በርግጠኝነት ለመናገር እችላለሁ። ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ዓሣዎቹን አይቶ ሲያበቃ ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ጥያቄ «የትኛው ይሻላል?» የሚል ነው። መልሴን ሳላቆይ ልናገር፦ አዲስ አበባ ውስጥ ልጆች ላሉበት ቤት ከ100 እስከ 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ለሚያሠራ ሰው፣ ውፍረቱ የተመጠነና በአግባቡ የተጣበቀ መስታወት ይሻለዋል። ይህን ስል አክሪሊክ የማይረባ ዕቃ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም በሦስት ነገሮች መስታወቱን በግልጽ በልጦ አግኝቼዋለሁ።

አንደኛው ክብደቱ ነው። መስታወት ከውኃ ሁለት ተኩል እጥፍ ይከብዳል፤ አክሪሊክ ግን ከውኃ የሚበልጠው በትንሹ፣ 1.19 እጥፍ ብቻ ነው። የእኔ የመስታወት ገንዳ ባዶውን 30 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን፣ አክሪሊኩ ከላይ ከሚያስረው ክፈፍ ጋር 18 ኪሎ አይሞላም። የምንኖረው ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር አልነበረም። መስታወቱን ለማውጣት ሁለት ጠንካራ ወጣቶች በየደረጃው መታጠፊያ እያረፉ፣ ማዕዘኖቹን በካርቶንና በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ከግድግዳ ጋር እንዳይነካካ እየተጨነቁ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶባቸዋል። አክሪሊኩን ግን ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ሆነን ያለ ዕረፍት አወጣነው። ሆኖም ይህ ጥቅም የሚታየው ገንዳው በሚገባበት ቀንና ቤት በሚቀየርበት ቀን ብቻ ነው። ውኃው፣ ጠጠሩና ድንጋዩ ከተጨመሩ በኋላ ሁለቱም ወደ 200 ኪሎ ስለሚጠጉ፣ የወለሉም ሆነ የማስቀመጫው ጠረጴዛ ጭንቀት የውኃው ክብደት እንጂ የገንዳው አይደለም። በየጊዜው ቤት የሚቀይር ተከራይ ግን ይህን ነገር በቁም ነገር ሊያስብበት ይገባል።

ስለ መስታወቱ ሥራ ትንሽ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም እኛ አገር የዓሣ ገንዳ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ መስኮትና በር በሚገጥም አሉሚኒየምና መስታወት ቤት ነው፤ የመስኮት ዕውቀት ደግሞ ለገንዳ አይበቃም። መጀመሪያ የሄድኩበት ባለሙያ «ስድስት ሚሊ ይበቃዋል፣ ጋሼ፤ ለብዙ ሰው በስድስት ሠርቻለሁ» አለኝ። እኔ ግን ቁጭ ብዬ አስልቼው ነበር። ውኃው 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ሲኖረው፣ አንድ ሜትር ርዝመት ባለው የፊት መስታወት ላይ የሚያርፈው ጠቅላላ ግፊት 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሙሉ ክብደቱን ጥሎበት ቀንና ሌሊት እንደ መቆም ነው። ግፊቱ ከላይ ቀላል ሆኖ ወደ ታች እየበረታ ስለሚሄድ፣ ከርዝመቱ ይልቅ ውፍረቱን የሚወስነው የውኃው ከፍታ ነው። ስምንት ሚሊ እንዲሆን የጠየቅሁት በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ የዋጋው ልዩነት ከአንድ ሌሊት የጎርፍ ጉዳት ጋር ሲነጻጸር ምንም አልነበረም።

ባለሙያው በውፍረቱ ተስማምቶኝ በማጣበቂያው ግን ተሳሳተ። ገንዳውን አምጥቼ ለሙከራ ውኃ ስሞላው ማምሻውን ምንም አልታየበትም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሥቼ በባትሪ ስመለከት ግን በስተግራ በታችኛው ማዕዘን ላይ አንዲት የውኃ ጠብታ ተንጠልጥላለች፤ በጣቴ ጠረግኋት፣ ደቂቃ ሳይሞላ ሌላ ተተካች። ጠዋት ገንዳውን ባዶ አድርጌ ወደ ሥራ ቤቱ ስመልሰው የተጠቀመበትን ሲሊኮን ቆርቆሮ አሳዩኝ ብዬ አየሁት፤ ለመታጠቢያ ቤት የሚሆን፣ ሻጋታ እንዳይዝ መድኃኒት የተጨመረበት ነበር። ይህ ዓይነቱ ሲሊኮን ባያፈስ እንኳ ሻጋታውን የሚገድለው መድኃኒት ወደ ውኃው እየገባ ዓሣውን ይጎዳል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ተፍቆ እንዲወጣ፣ ጠርዞቹ በአልኮል እንዲጸዱና ምንም ማከያ በሌለው ንጹሕ ሲሊኮን እንደገና እንዲጣበቅ አደረግሁ። ይህኛው ሲደርቅ የአቼቶ ሽታ አለው፤ የሚወጣው በርግጥም አሴቲክ አሲድ ነው። ሽታው እስኪጠፋ ሳምንት ጠብቄ ውኃ ሞላሁት፤ ከዚያ ወዲህ አንዲት ጠብታ አላየሁም።

ከዚህ ጋር ሁለት ነገር ልጨምር። መስታወት ጫና ሲጫንበት ብርቱ ሲሆን ሲለጠጥ ግን ደካማ ነው፤ ስንጥቅም ዘወትር የሚጀምረው ከጠርዝ ላይ ካለች ትንሽ መሸረፍ ስለሆነ፣ ዕቃውን ስትረከቡ ጠርዙን በሙሉ በጥንቃቄ ተመልከቱ፤ የተሸረፈ ካለ አትቀበሉ። ሁለተኛው፣ አንዳንድ ሻጭ «የማይሰበር» እያለ የሚያቀርበው በእሳት የጠነከረ መስታወት ነው። እሱ በርግጥ ጠንካራ ቢሆንም ከጠነከረ በኋላ ሊቆረጥም ሆነ ሊበሳ አይችልም፤ ከተሰበረ ደግሞ በአንዴ ተበታትኖ ውኃውን በሙሉ ይለቀዋል። ተራው መስታወት ግን ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ተሰንጥቆ ቀስ ብሎ ስለሚያፈስ፣ ባልዲ አምጥቶ ዓሣዎቹን ለማዳን ጊዜ ይሰጣል።

አክሪሊኩን ያሠራሁት ማስታወቂያ ሰሌዳ ከሚሠራ ድርጅት ነው። እነዚህ ሰዎች አክሪሊክን በየቀኑ ስለሚቆርጡ ጥሩ እጅ አላቸው። ሆኖም አክሪሊክ ሁለት ዓይነት መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፦ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የረጋና በማሽን ተገፍቶ የወጣ። ለገንዳ የሚሆነው የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው በርካሽ ይገኛል፣ ነገር ግን በውስጡ የቀረ ውጥረት ስላለ መጋጠሚያው ላይ ቶሎ ይሰነጣጠቃል። መጋጠሚያው የሚያያዘው በሲሊኮን አይደለም፤ ሲሊኮን አክሪሊክን አጥብቆ አይዝም። ስስ የሆነ ሟሟ ፈሳሽ በሁለቱ ጠርዞች መካከል እንዲሰርግ ተደርጎ ጠርዞቹ ራሳቸው ቀልጠው አንድ ይሆናሉ። በትክክል ሲሠራ መጋጠሚያው ከውኃ የጠራ ነው። ጥራቱን ለማወቅ ማዕዘኑን ወደ ብርሃን አቅርባችሁ እዩት፤ ውስጡ አረፋ ከበዛበት ያ ቦታ አልተያያዘም ማለት ነው። እኔ የተረከብሁት በአንድ ማዕዘን አምስት ስድስት የምትሆን ጥቃቅን አረፋ ነበረችበት፤ እስከ ዛሬ ብትይዝም በየወሩ እመለከታታለሁ።

አሁን ውሳኔዬን ወደ መስታወት ያዘነበለውን ነገር ልናገር፤ እሱም ጭረት ነው። አክሪሊክ ለስላሳ ነው። መስታወትን የማይነካው ነገር ሁሉ አክሪሊክን ይጭረዋል፦ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ አረንጓዴው ጎን፣ አቧራ የያዘ ደረቅ ጨርቅ፣ የቀለበት ጠርዝ፣ የተጣጠፈ ወረቀት ጭምር። በ2015 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን የእኅቴ ልጅ ሊረዳኝ ብሎ፣ እኔ ገበያ ሄጄ ሳልመለስ፣ በውስጠኛው ገጽ ላይ የያዘውን አልጌ በዚያ ስፖንጅ ፈተገው። ልጁ የሠራው መልካም ሥራ ነበር፤ አልጌው ተነሥቷል። ከአልጌው በታች ግን መዳፍ የሚያህል ቦታ፣ ጠዋት መስኮት ላይ እንደሚይዝ እንፋሎት፣ ደብዝዞ ቀረ። በቅርብ ሲታይ በክብ በክብ የሄዱ ከፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ናቸው። ልጁ ፊቴን አይቶ «ጋሼ፣ አበላሸሁት እንዴ?» ሲለኝ ምን ብዬ እንደምመልስለት ቸግሮኝ ነበር። ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን አስቀድሜ ያልነገርኩት የእኔ ነበርና።

የሚገርመው፣ ገንዳው እንደገና ሲሞላ ጭረቱ ግማሽ በግማሽ ጠፋ። ይህ ዓይንን ማታለል ሳይሆን የብርሃን ጠባይ ነው። ብርሃን ከአክሪሊክ ወደ አየር ሲወጣ አቅጣጫውን በብዙ ይቀይራል፤ ወደ ውኃ ሲገባ ግን የሁለቱ ልዩነት ትንሽ ስለሆነ ብዙም አይታጠፍም፤ ውኃ የሞላው ጭረት ከደረቅ ጭረት ያነሰ የሚታየው በዚህ ነው። ከውጭ በኩል ያለ ጭረት ግን እንዲህ አይደበቅም። አክሪሊክ በዚህ ረገድ አንድ ምሕረት አለው፤ ሊታረም ይችላል። ገንዳውን አራግፌ፣ በ800 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምሬ፣ በውኃ እያራስኩ 1200 ከዚያም 2000 ቁጥር ደርሼ፣ በመጨረሻ በማድመቂያ ቅባትና በጥጥ ጨርቅ አሸሁት። ሁለት ሙሉ ከሰዓት በኋላ ወሰደብኝ። ዛሬ ቦታውን የሚያውቀው ሰው ካልፈለገው አያገኘውም። የመስታወት ጭረት ግን አንዴ ከገባ በቤት ውስጥ አይወጣም፤ ልዩነቱ በአራት ዓመት ተኩል ውስጥ መስታወቴ ላይ የገባው አንድ ብቻ መሆኑ ነው። እሱም የማግኔት መጥረጊያው ውስጥ የአሸዋ ቅንጣት ገብታ የመጣ ነው። አሸዋ ሁለቱንም ይጭራል፤ ስለዚህ መጥረጊያውን ወደ ጠጠሩ አታስጠጉ።

የጽዳቱ ነገር በዚህ አያበቃም። የቧንቧ ውኃችን ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ገንዳውም አፍ ላይ፣ ውኃው በሚተንበት መስመር፣ ይተወዋል። መስታወቱን በምላጭ እገፍፈዋለሁ፣ ቀሪውን በአቼቶ በራሰ ጨርቅ እጠርጋለሁ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አክሪሊኩን በምላጭ መንካት አይታሰብም፤ ስለዚህ የራሰውን ጨርቅ ለጥፌበት ቅርፊቱ እስኪለሰልስ እጠብቅና በለስላሳ ጨርቅ ደጋግሜ አነሣዋለሁ። አልኮልና አሞኒያ ያለበት መስታወት መወልወያ ፈሳሽ አክሪሊክ ላይ ጨርሶ እንዳይነፋ፤ ገጹ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ጥቃቅን ስንጥቅ ያወጣበታል፣ ያ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት የማይደረስበት ጥልቀት አለው። ሠራተኛ ወይም ልጅ ቤቱን በሚያጸዳበት ቤት ይህን ሁሉ ለሁሉም አስረድቶ ማስጠበቅ ቀላል አይደለም።

አክሪሊክ መስታወቱን የበለጠበት ሁለተኛው ነገር ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ይከብዳል፤ በዚያ ላይ መብራት ይጠፋል። ወርቃማው ዓሣ ቅዝቃዜውን ይችለዋል፤ ጉፒን የመሰሉ የሞቃት አገር ዓሣዎች ግን ከ22 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይደክማሉ። አክሪሊክ ሙቀትን የሚያሳልፈው ከመስታወት አንድ አምስተኛውን ያህል ነው ይባላል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ይህ ማለት ውኃው አምስት ጊዜ ዘግይቶ ይቀዘቅዛል ማለት አይደለም፤ በግድግዳው ዙሪያ ያለው ጸጥ ያለ አየር ራሱ ሙቀት ስለሚከለክልና ከላይ በሚተነው ውኃም ብዙ ሙቀት ስለሚሄድ ልዩነቱ ይጠብባል። መብራት በጠፋበት አንድ የታኅሣሥ ሌሊት ሁለቱም ከ25 ዲግሪ ተነሥተው፣ ጠዋት መስታወቱ 21.5፣ አክሪሊኩ 22.5 ላይ ነበሩ። አንድ ዲግሪ ለእኛ ምንም ላይመስል ይችላል፤ ለጉፒ ግን ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ መስታወቱን ክዳን አበጅቼለት፣ ከኋላና ከጎን ነጭ ፎም ለጥፌበት፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጋቢ አለብሰዋለሁ፤ በዚህ መንገድ ልዩነቱ ጠፍቷል ማለት ይቻላል።

ብርሃን ስለማሳለፋቸው ብዙ አልናገርም። አክሪሊክ ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 92 ያህሉን ያሳልፋል፤ ተራው መስታወት ጥቂት ዝቅ ይላል፣ በውስጡ ባለው ብረት ምክንያትም ወደ አረንጓዴ ያደላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ነጭ ወረቀት ከኋላ ላቆመ ሰው ልዩነቱ ይታያል። ዓሣ ሲዋኝበት ግን፣ በስምንት ሚሊ ውፍረት፣ እኔ ራሴ የትኛው የትኛው እንደሆነ የምለየው በጠርዙ ቀለም እንጂ በዓሣው አይደለም።

አክሪሊክን የሚመርጡ ሰዎች በማስረጃነት የሚጠቅሱት ብዙዎቻችን በሥራም ሆነ በመንገድ ስናልፍ ያየነውን የዱባይ ሞል ዓሣ ማሳያ ነው። ያ መስኮት 32.88 ሜትር ርዝመትና 8.3 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 75 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አክሪሊክ ነው። እዚያ መስታወት የማይሠራበት ምክንያት ግን ለቤታችን አይሆንም፦ ያን የሚያክል ውፍረት ያለው መስታወት አረንጓዴ ሆኖ ዓሣውን በሰወረው ነበር፣ መጋጠሚያዎቹም አንድ ሊሆኑ ባልቻሉ። በ40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይህ ችግር የለም። በሌላ በኩል «አክሪሊክ አይፈነዳም» የሚሉም አሉ። በርሊን በአንድ ሆቴል ውስጥ የነበረው አኳዶም የተባለው የአክሪሊክ ማሳያ፣ አንድ ሚሊዮን ሊትር ያህል ውኃ ይዞ፣ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. አንድ ጠዋት ላይ ፈንድቶ በውስጡ የነበሩት ዓሣዎች ከሞላ ጎደል አልቀዋል።

ይህን ካልኩ በኋላ ለአክሪሊክ የሚገባውን ሦስተኛ ብልጫ ልስጥ፤ ድንገተኛ ምትን ከመስታወት በጣም የተሻለ ይችላል። ኳስ የሚመቱ ልጆች ባሉበት ሳሎን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ተደጋግሞ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ በተሰማባቸው ሌሊቶች፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆነን መብራቱ ሲወዛወዝ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ መስታወቱ ነበር። ውኃው ከዳር ዳር እየሄደ ይናጥ ነበር፤ ክዳኑን ገፍቶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሁለቱም ገንዳዎች ምንም አልሆኑም፤ ከዚያ ሌሊት በኋላ ግን የመስታወቱን ውኃ ከአፉ አምስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጌ ይዤዋለሁ፣ ጠረጴዛውንም ከግድግዳው ጋር በብሎን አስሬዋለሁ።

አቀማመጣቸውም ይለያያል። መስታወት ጠፍጣፋ ባልሆነ ነገር ላይ ከተቀመጠ አይታጠፍም፣ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ጠረጴዛው በውኃ ልክ ተስተካክሎ ከሥሩ ስስ ፎም ይነጠፍለታል። አክሪሊክ ስለሚታጠፍ ለትንሽ መዛነፍ ይታገሣል፤ ታችኛው ገጹ ግን በሙሉ መደገፍ አለበት፣ አራት እግር ብቻ ባለው ብረት ላይ አይቀመጥም። ከጊዜ በኋላም ሆድ ያወጣል። የእኔው መሐል ላይ ሦስት ሚሊ ያህል ወደ ውጭ ወጥቷል፤ ከላይ ክፈፍ ባይኖረው ኖሮ ከዚህ ይብስ ነበር። ያው ክፈፍ ደግሞ እጅ አስገብቶ ለማጽዳት ያስቸግራል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ አክሪሊኩ ለእኔ ከመስታወቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ወጥቶበታል፤ ዐሥር ሚሊ ሆኖ ፈስሶ የረጋው አክሪሊክ በየቦታው ስለማይገኝ እስኪመጣ ሁለት ወር ጠብቄአለሁ። መስታወቱ በዐሥር ቀን አለቀ፤ አንድ ገጹ ቢሰበር እንኳ ሲሊኮኑን ፈልቅቆ ያን ገጽ ብቻ መተካት ይቻላል።

ባለፈው ወር እኅቴ ለልጇ ትንሽ ገንዳ ፈልጋ ስትጠይቀኝ፣ ልጁ ከሚተኛበት አልጋ አጠገብ የሚቀመጥ ስለሆነ 40 ሊትር የሚይዝ አክሪሊክ አሠራሁለት። መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ሆድ አያወጣም፤ ልጁ ቢገፋው ወይም ኳስ ቢያርፍበት አይሰበርበትም፤ ሲያድግም ብቻውን ተሸክሞ ወደፈለገበት ያዛውረዋል። ከገንዳው ጋር አንድ ነጭ ለስላሳ ስፖንጅ ገዝቼ፣ በላዩ ላይ «ለዓሣ ብቻ» ብዬ በማርከር ጽፌ ሰጠሁት። ልጁ አሁን ወጥ ቤት ውስጥ አረንጓዴውን ስፖንጅ ሲያይ ቀድሞ የሚያስጠነቅቀው እናቱን ነው።